ከፕላዝማው ወደ ኢንተርኔቱ፦ እውነተኛ የእንግሊዝኛ ጽሑፍና ድምፅ በክፍል ውስጥ

የውጭ ቋንቋ ማስተማሪያ መርጃ መሣሪያዎችን በተመለከተ በየዘመኑ የሚቀርቡ ሐሳቦች የሚጋሩት አንድ እምነት አለ። ይኸውም የቋንቋው ባለቤቶች የሚናገሩትና የሚጽፉት እንዳለ ወደ ክፍል ቢገባ ተማሪው ቋንቋውን በተሻለ ሁኔታ ያውቃል የሚለው ነው። ዛሬ ይህ እምነት ኢንተርኔትን ተንተርሶ እንደገና ቀርቧል። በኢንተርኔት የሚገኘው ዜና፣ ቃለ ምልልስ፣ ዘፈንና ተንቀሳቃሽ ምስል ለትምህርት ታስቦ ያልተዘጋጀ በመሆኑ ‹‹እውነተኛ›› ይባላል፤ መምህሩም እንዲጠቀምበት ይመከራል። ምክሩ ክፋት የለውም። ነገር ግን ኢትዮጵያ ይህን የመሰለ ተስፋ በሌላ መሣሪያ አንድ ጊዜ ሞክራዋለች። ያ ሙከራ በሚገባ ሳይመረመር ወደ አዲሱ መሻገር ተገቢ አይሆንም።

ሙከራው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ግድም አንሥቶ በሥራ ላይ የዋለው ይህ ዘዴ፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁ የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብ፣ የሳይንስና የመሳሰሉትን ትምህርቶች በሳተላይት አማካይነት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ያደርስ ነበር። ከክፍለ ጊዜው ውስጥ ሠላሳ ደቂቃ ያህሉ የቴሌቪዥኑ ድርሻ ሲሆን፣ ለመምህሩ የሚቀረው በመግቢያና በመደምደሚያ ላይ ያለው ጥቂት ጊዜ ነው። ዘዴው ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም። ከመምህሩ በቀር እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ሰምቶ ለማያውቅ ልጅ ሌላ አንደበት መስማቱ ራሱ ትምህርት ነው። ጉድለቱ የታየው በሌላ በኩል ነው። ቴሌቪዥኑ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ይቆያል፤ ተማሪው ጥያቄውን በአማርኛ አሰላስሎ መልሱን በእንግሊዝኛ ማዋቀር ሲጀምር መልሱ ይነገራል፤ ትምህርቱም ያልፋል። መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም። መብራት ከጠፋም ያመለጠው ትምህርት አይመለስም። በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያመለከቱት የንግግሩን ፍጥነትና መምህሩ ከአስተማሪነት ወደ ተመልካችነት መውረዱን ነው።

ስለሆነም በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ‹‹እውነተኛ›› የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ልሳን ምሁር ሄንሪ ዊዶሰን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ያሳየው ልዩነት እዚህ ላይ ይረዳል። በእርሱ አመለካከት አንድ ጽሑፍ ለትምህርት ሳይታሰብ በመጻፉ ብቻ ለተማሪው እውነተኛ አይሆንም፤ እውነተኛነቱ የሚወሰነው ጽሑፉና አንባቢው በሚኖራቸው ግንኙነት፣ አንባቢውም በሚሰጠው ተገቢ ምላሽ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ የለንደን ባቡር የሰዓት ሠሌዳ ለለንደን ተሳፋሪ እውነተኛ ነው፤ ለጎጃም ተማሪ ግን ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ምንባብ አይለይም፤ ምናልባትም ያንሳል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘውን ደምበጫን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ተማሪው በአብዛኛው የገበሬ ልጅ ነው፤ በቤቱም እንግሊዝኛ የለም ተብሎ ይታሰባል። ግን አለ። ከውጭ አገር ተገዝቶ የሚመጣው ማዳበሪያ በእንግሊዝኛ ተጽፎበት ነው ደጃፍ የሚደርሰው። (ከረጢቱም ውስጡ ጤፍ ቢሆን በቆሎ ‹‹ማዳበሪያ›› እየተባለ ይጠራል።) በዩሪያው ከረጢት ላይ ያለው የ46 ከመቶ ናይትሮጅን መግለጫ፣ የተጣራ ክብደት፣ በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ የሚለው ማሳሰቢያ ሁሉ ንባብ ነው። በብዙ ከረጢቶች ላይ የሚታተመው ‹‹ዩዝ ኖ ሁክስ›› የተባለው ትእዛዝ ደግሞ በመንጠቆ አይያዝ ማለት ሲሆን፣ መጽሐፉ የሚያስተምረውን ‹‹ዱ ኖት›› ትቶ በሌላ መንገድ የሚከለክል ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ሊያወያይ ይችላል።

የመድኃኒቱ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። በአንድ ብልቃጥ ላይ የአገልግሎቱ ማብቂያ 08/2025 ተብሎ ቢጻፍ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያነበበው ልጅ ሚያዝያ 2025 ዓ.ም. ነው ብሎ መድኃኒቱን ገና ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ያደርገዋል፤ እውነተኛው ቀን ግን ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስሕተቱ ከሰባት ዓመት ተኩል ይበልጣል። ተማሪው ይህን አንብቦ ለእናቱ የሚሰጠው መልስ ዊዶሰን ተገቢ ምላሽ ያለው ዓይነት ነው። ይህን ለማስተማር የሚያስፈልገው ባዶ ካርቶንና ብልቃጥ መሰብሰብ ብቻ ነው።

ድምፁን በተመለከተ ግን ከረጢት አይረዳም፤ በዚህ ረገድ የኢንተርኔት ጥቅም የማያከራክር ነው። አማርኛ ተናጋሪ ጆሮው የለመደው ማጥበቅና ማላላትን ነው፤ ‹‹አለ›› ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት እንደሆነ ሳያስብ ይለያል። እንግሊዝኛ ግን በአናባቢዎች ይለያል፤ መርከብና በግ የሚባሉት ሁለት ቃላት በአማርኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም ‹‹ሺፕ›› ይሆናሉ። ልዩነቱን ለመያዝ ያንኑ ድምፅ አሥር ጊዜ ደጋግሞ መስማት ያስፈልጋል። ፕላዝማው ያልቻለው ይህንን ነበር፤ የተቀዳ ድምፅ ግን ይቆማል፣ ይመለሳል። ዝግታም ከእውነተኛነት አያጎድልም። የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ለአያሌ ዓመታት በ1,500 ያህል ቃላትና በዝግታ ዜና ሲያቀርብ፣ ዜናው እውነተኛ ዜና ነበር።

ይሁን እንጂ ዕቅድ አውጪዎች ‹‹በኢንተርኔት›› ሲሉ ቀጥታ መስመርን ማለታቸው ከሆነ፣ የሳተላይቱ ችግር ስሙን ለውጦ ይመለሳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በግጭቱ ምክንያትም በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። መስመር ባለበት ዕለት ተቀድቶ በሚሞሪ ካርድ የተያዘ የአምስት ደቂቃ ቃለ ምልልስ ግን መስመር አይጠብቅም። በየከተማው ዘፈንና ፊልም በስልክ የሚጭኑት ሱቆች ይህን አሠራር ካወቁት ቆይተዋል።

የሚቀረው አስቸጋሪው ነገር ከመሣሪያ ጋር አይገናኝም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛ ጥያቄዎች በምርጫ የሚመለሱ ናቸው፤ የማዳመጥ ክፍል የላቸውም። የመማሪያ መጻሕፍቱ የማዳመጥ መልመጃ ቢኖራቸውም፣ መምህሩ ምንባቡን ራሱ አንብቦ ወይም ዘልሎ ያልፋል። ሃያ ደቂቃ ድምፅ በማሰማት ያሳለፈ መምህር በወላጅም፣ በርእሰ መምህርም፣ በተማሪውም ዘንድ ለፈተናው የሚውለውን ጊዜ እንዳባከነ ይቆጠርበታል፤ በፈተናው አሠራር ከተመዘነም የሚሉት ትክክል ነው።