የገበሬው ምስል በፊልም ሸራ ላይ

ፊልም ከኪነ ጥበብ ዘርፎች ሁሉ ይልቅ ለሰፊው ሕዝብ የቀረበ ነው፤ ፊደል ላልቆጠረውም በዐይኑ ያስነብባል። በዚያው መጠን ግን አሳሳችነቱ ከሌሎቹ ይብሳል። ስለዚህ ገበሬውን የሚያሳይ ፊልም ሁሉ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ገበሬው በዚህ ምስል ውስጥ ምን ያደርጋል? ምስሉስ የሚያገለግለው ማንን ነው?

ለጥያቄው መለኪያ የሚሆን ሥራ በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ይገኛል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለችው ማንኩሳ በሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) አማካይነት በመላው አገሪቱ ታውቃለች። በዚያ ልብ ወለድ የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች የተጫነባቸውን ግዴታ እምቢ ብለው፣ በአበጀ በለው መሪነት ተሰልፈው፣ ጌታቸውን እስከ መማረክ ይደርሳሉ። ጭቆና መኖሩን መንገር ብቻ ያልበቃው ደራሲ፣ ጭቁኖች እንዴት እንደሚመካከሩና እንደሚተባበሩም አሳይቷል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ በ1968 ዓ.ም. የቀረበው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ታላቅነቱም ጉድለቱም ጎልቶ ይታያል። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም ለድካም ጊዜ ይሰጣል፤ እርሻው፣ ከብት ጥበቃው፣ የባለመሬቱ የማያባራ ትእዛዝ በተመልካቹ ትከሻ ላይ እስኪከብዱ ድረስ ይዘልቃሉ። የጌታዋን ከብት ስትጠብቅ ደራሽ ውሃ የሚወስዳት ልጅ ሞት ከብዙ ንግግር በላይ ሥርዓቱን ይከሳል። ባለመሬቱን በመጨረሻ በዱላ የሚገድለው ግን መሬቱን የተነጠቀውና እብድ የተባለው ከበበ ብቻውን ነው። ከበበ የጉዱ ካሣ ወንድም ነው ቢባል ስሕተት የለበትም፤ ሁለቱም እውነት በመናገራቸው ከአእምሯቸው እንደወጡ ተቆጥረዋል። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። ከጉዱ ካሣ ባሻገር የተባበረ ገበሬ አለ፤ ከከበበ ኋላ ማንም የለም። ፊልሙ ቁጣን በሚገባ ገልጾ ኅብረትን ሳያሳይ ቀርቷል።

«ጤዛ» (2000 ዓ.ም.) የተመለከተው ሌላ ትውልድ ነው። በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ እግሩንና ተስፋውን አጥቶ ወደ እናቱ ቀዬ የሚመለሰው አንበርብር፣ ወጣቶች ከግዳጅ ውትድርና ሸሽተው በዋሻ ተደብቀው ያገኛቸዋል። በቬኒስ የተሸለመውና በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት የተቀዳጀው ይህ ሥራ፣ ምሁሩ በሕዝቡ ስም የተናገረውን ያህል ሕዝቡን እንዳላዳመጠ በድፍረት ይመሰክራል። አንበርብር በመንደሩ አስተማሪ መሆኑም መልካም ፍጻሜ ነው። ይሁን እንጂ ትዝታው የምሁሩ፣ ሥቃዩም በአብዛኛው የእርሱ ነው። በዋሻው ያሉት የገበሬ ልጆች ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት ጊዜ አጭር ነው።

የዘጋቢ ፊልም ኃላፊነት ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ ለዓለም ያሳየበት ፊልም በመስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቀርብ፣ የረሃብተኛው ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ክሱ እውነት ነበረው፤ የቅንብሩ ዓላማ ግን ሥልጣን ነበር። ለዚህ ማስረጃው አሥር ዓመት ቆይቶ መጣ። በመስከረም 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ሲከበር ወሎና ትግራይ እንደገና ይራቡ ነበር፤ ረሃቡን ለዓለም ያሳወቀውም በጥቅምት ወር በቢቢሲ የታየው የሞሐመድ አሚንና የማይክል ቢዩርክ ዘገባ ነው። የሌላውን መንግሥት ረሃብ ማሳየት ቀላል፣ የራስን ማሳየት ከባድ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። በሁለቱም ፊልሞች ገበሬው ይታያል፤ እህሉ ለምን እንዳለቀ፣ ምን እንደሚፈልግ ሲናገር ግን እምብዛም አይሰማም።

ለማንኩሳ ተመልካች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የጎጃም ገበሬ በአብዛኛው ባለርስት ስለነበረ፣ የጭሰኛና የባለመሬት ታሪክ የእርሱን ኑሮ ሙሉ በሙሉ አይገልጽም። እርሱን የሚያውቀው ፊልም የ1960 ዓ.ም.ን የጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ ማወቅ አለበት። የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይወሰድበት የሰጋው ገበሬ መሣሪያ አነሣ፤ መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን ላከበት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ምክክር፣ መሐላ፣ አለመግባባትና ኅብረት ሁሉ አለ። ከነስሕተቱና ከነብልሃቱ ለሚያሳየው ባለሙያ ገበሬው ከምስክርነት አልፎ ባለታሪክ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ፊልም ሲሠራ የመጀመሪያ ተመልካቹ የበዓል ዳኛ ባይሆን ይመረጣል። አስተማሪውና የባህል ሠራተኛው ፊልሙን ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ወስደው፣ ከማሳያው በኋላ መብራቱን አብርተው ገበሬውን ይጠይቁት። «ይህ እኔን አይመስልም» ቢል፣ ከዚህ የሚበልጥ ኂስ አይገኝም።