ስለ ሁለት የኢንቲግራል ስልቶች ስያሜ

በ12ኛ ክፍል ሒሳብ ከሚሰጡት የኢንቲግራል ማስሊያ ስልቶች ሁለቱ ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ በተርጓሚው እጅ ቀድመው የሚገቡት ቃላት «በመተካት» እና «በከፊል» ናቸው። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም መምህሩ ሲያብራራ ወደ አማርኛ መመለሱ ስለማይቀር፣ ስያሜው ከመዝገበ ቃላት ገጽ አልፎ ወደ ተማሪው ደብተር ይገባል። የመጀመሪያው ቃል ጥንቃቄን፣ ሁለተኛው ግን ለውጥን ይሻል።

«ተካ» የሚለው ግስ በተሳቢው በኩል ሁለት ፊት አለው። «አሮጌውን በአዲስ ተካ» ስንል ተሳቢው የሚወጣው ነው፤ «በሞተው በሬ ምትክ ሌላ በሬ ተካ» ስንል ደግሞ የሚገባው ነው። «ዩን ተካ» የሚል ትእዛዝ ብቻውን ሲቆም፣ ዩ ይውጣ ወይስ ይግባ አይለይም። ከዚህ የሚከብድ ሌላ አለ። «ኤክስ ካሬ ሲደመር አንድ» አምስት ጊዜ ረብቶ በሁለት ኤክስ ሲባዛ ኢንቲግራሉ ተፈለገ እንበል። በቅንፍ ያለው ዩ ሲባል፣ ሁለት ኤክስ ከዲ ኤክስ ጋር ሆኖ ዲ ዩን ይሰጣል፤ ውጤቱም የዩ ስድስተኛ ርቢ ለስድስት ተካፍሎ ቋሚ ቁጥር ሲጨመርበት ነው። «መተካት» የአንድ ነገር ቅያሪ ስለሚመስል፣ ተማሪው ቅንፉን ቀይሮ ዲ ኤክስን እንደ ነበረ ይተወዋል፤ ወሰን ያለው ኢንቲግራል ሲሆንም ወሰኖቹን ይረሳል። ፈረንሳዮች የተለዋዋጭ ለውጥ ሲሉ ይህን ሁሉ ያጠቃልላሉ። በእኛ ዘንድ «ተለዋዋጭን መለወጥ» ከአንድ ግንድ የበቀሉ ሁለት ቃላት የሚጋጩበት በመሆኑ ጆሮ አይወደውም። «ተለዋዋጭን በተለዋዋጭ መተካት» ረዘም ቢልም፣ «በ» የሚገባውን ለይቶ ስለሚያሳይ ይሻላል።

«በከፊል» ግን ስሕተት ነው። ሥራው በከፊል አለቀ ሲባል ቀሪ እንዳለው ሰሚው ይረዳል። እርግጥ ከመጀመሪያው እርምጃ በኋላ ሌላ ኢንቲግራል ይቀራል፤ ስልቱ ስሙን ያገኘው ግን ከዚህ አይደለም። የሚከፈለው ብዜቱ ነው፤ አንደኛው አብዢ ዲሪቬቲቩ ይወሰዳል፣ ሌላው ኢንቲግራሉ። ብሩክ ቴይለር በ1715 ያሳተመው ይህ ስልት የብዜት ዲሪቬቲቭ ሕግ ወደ ኋላ ሲነበብ የሚገኝ ነው። በዚያ ላይ «ከፊል» ለከፊል ዲሪቬቲቭና ለከፊል ክፍልፋይ ስለሚያስፈልግ፣ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም መጥራት ይሆናል።

ስለዚህ «አብዢዎችን በመለየት» እንዲባል አሳስባለሁ። ኤክስ በኮሳይን ኤክስ ሲባዛ፣ ዲሪቬቲቩ የሚወሰደው ኤክስ ከሆነ «ኤክስ ሳይን ኤክስ ሲደመር ኮሳይን ኤክስ» ይገኛል፤ ቋሚው ቁጥር አይረሳ። ምርጫው ቢገለበጥ ኤክስ ወደ ኤክስ ካሬ ያድግና ቀሪው ኢንቲግራል ከመጀመሪያው ይብሳል። «መለየት» የሚለው ቃል መነጠልንም መምረጥንም ስለሚይዝ ለዚህ ይስማማል።

«ኢንቲግራል» የሚለውን ራሱን መተርጎም አስቸኳይ አይመስለኝም። «ውሕደት» በድርጅቶችና በማኅበራት ጉዳይ ተይዟል፤ ላይብኒዝም በ1675 ምልክቱን የወሰደው ድምር ከሚለው የላቲን ቃል የመጀመሪያ ፊደል እንጂ ከውሕደት አልነበረም።