ጀርባው የማይናገር ዶሚኖ

የዶሚኖን ሥራ መመርመር የፈለገ ሰው ነጥቦቹን ለጊዜው ይተዋቸውና ፍሬውን በጎኑ ያቁመው። የድሮ የፈረንሳይ ሥራ ከሆነ ፊቱ ነጭ አጥንት፣ ጀርባው ዞጲ የሚባለው ጥቁር እንጨት ነው። ሁለቱ የተገናኙበት መስመር ጥፍር የማያስገባ ከሆነ ሠሪው ባለሙያ ነበር።

በዚህ ሥራ የታወቀችው ከፓሪስ በስተሰሜን ያለችው ሜሩ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን የአካባቢው ሰው ከዛጎል የልብስ ቁልፍ፣ ከአጥንት ዶሚኖ እየሠራ ይተዳደር ነበር። በአንድ የድሮ ፋብሪካ ውስጥ የተቋቋመው ሙዚየም ዛሬም አሠራሩን ለጎብኚ ያሳያል።

አጥንትና እንጨት ያጣመራቸው የከብቱ እግር ነው። የበሬ ቅልጥም መቅኒው ሲወጣለት የሚተርፈው ስስና ጎባጣ ግድግዳ ነው፤ ከእሱ ወፍራም ፍሬ አይወጣም። ስለዚህ አጥንቱ ለፊት ብቻ ይሆናል፤ ውፍረቱን ዞጲው ይሞላዋል። አጥንቱ አስቀድሞ ተቀቅሎ ስቡ መውጣት አለበት፤ ስብ የቀረበት አጥንት ውሎ አድሮ ይወይባል። ከዚያ ይነጣል፣ በመጋዝ ይከፈላል፣ ይስተካከላል።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ጀርባው ነው። አጥንት ጠጋ ብለው ሲያዩት ደም ያለፈባቸው የጥቃቅን ቦዮች ጭረት አለው፤ አንዱ ቁራጭ ከሌላው አይመሳሰልም። ጀርባውም አጥንት ቢሆን ዓይነ ስል ተጫዋች የተደፋውን ድርብ ስድስት በጭረቱ ይለየው ነበር። ዞጲ ግን በደንብ ሲለሰልስ 28ቱም ፍሬ አንድ መልክ ይይዛል። (ለዶሚኖ ስሙን ያወጣለት ባለቆቡ ጥቁር ካባ፣ የፈረንሳይ ካህናት በክረምት፣ የቬኒስ ሰዎች በጭምብል በዓል ይደርቡት የነበረው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ጥቁሩን ጀርባ ላየ ነገሩ አይርቅም።)

ሁለቱን የሚያጣብቃቸው ትንሽ የናስ ሚስማር ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ፊቱን ለሁለት በሚከፍለው መስመር መሃል ይታያል። ራሱ ጉብ ካለ፣ ፍሬው ተደፍቶ ሲበወዝ በእሱ ላይ ይሽከረከራል፤ የአጥንቱም ፊት ከጠረጴዛ ጋር አይፋተግም። ነጥቦቹ በአንድ ሙሉ ስብስብ 168 ናቸው። ሁሉም እኩል መሰርሰር አለባቸው፤ እጅ ትንሽ ከከበደ መሰርሰሪያው ስሱን አጥንት አልፎ እንጨቱ ላይ ይደርሳል።

በናፖሊዮን ጦርነቶች ጊዜ እንግሊዞች የያዟቸው የፈረንሳይ እስረኞችም ዶሚኖ ሠርተዋል። ከ1797 እስከ 1814 እ.ኤ.አ. በቆየው የኖርማን ክሮስ የምርኮኞች ሰፈር ከቀለባቸው የተረፈውን አጥንት እየጠረቡ ይሸጡ ነበር፤ ሥራቸው በፔተርቦሮ ሙዚየም ይገኛል። ተንሸራታች ክዳን ያላቸው ሣጥኖቻቸው ቅርጻቸው ዓይን ይይዛል። ውስጥ ያሉት ፍሬዎች ግን ብዙዎቹ ዞጲ ያልተደረበባቸው ስስ አጥንት ናቸው። ሣጥኑን የእስረኞቹን ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል፤ ከብልጥ ሰው ጋር ስጫወት ግን የሜሩ ይቅረብልኝ።