አረንጓዴ ረሃብ፤ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ሥራ ኃላፊ የቀረበ ሂስ

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚደረገው ክርክር ውስጥ እንደ ማስታረቂያ የሚቀርብ አንድ አሳብ አለ። ይኸውም፥ ስሌቱንና ጽሕፈቱን መሣሪያው ይሥራ፤ ሠራተኛውን ማድመጥና ማበረታታት ግን ለሰው ኃላፊ ይቅር የሚል ነው። አሳቡ ለጆሮ የሚጥም ስለ ሆነ ብዙ ደጋፊ አግኝቷል። መንግሥት በሰኔ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ ካጸደቀ፥ በተከታዩም ወር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የምሁራን ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ሆኗል።

እኛ ይኸን ክፍፍል አንቀበለውም። የሚያሰላው መሣሪያ ኃላፊው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ አስቀድሞ ይወስናልና፤ ያላየውን ችግረኛ የሚያደምጥ ኃላፊም የለም። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ወደ ውጭ አገር መሻገር አያስፈልግም፤ ወላይታ ይበቃል።

በ1992 ዓ.ም.፥ በኋላም በ2000 ዓ.ም. በወላይታ የደረሰው ችግር «አረንጓዴ ረሃብ» ተብሎ ይታወቃል። ነገሩ እንዲህ ነው። የወላይታ ገበሬ መሬቱ ጠባብ ነው፤ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከ300 በላይ ሰው በሚኖርበት አገር ግማሽ ሄክታር ያልሞላ ይዞታ ብርቅ አይደለም። በቤቱ ዙሪያ እንሰትና ቡና ይቆማል፤ ቀጥሎ ፍግ የጠገበው «ዳርኮዋ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ፍግ የማይደርሰው «ሾቃ» ይዘረጋል። በመስከረምና በጥቅምት የሚተከለው ስኳር ድንች ከበጋው ማብቂያ እስከ በቆሎ እሸት ድረስ ያለውን ክፉ ወራት ያሻግራል። ይህ ከተበላሸ መሻገሪያው ተሰበረ ማለት ነው፤ የሚተከለው ሐረጉ ስለ ሆነም፥ ድርቅ ሐረጉን ካቃጠለው ለሚመጣው ዓመት ዘር የሚሆን እንኳ ይጠፋል። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ በጊዜው ሳይመጣ ቀረ። ዘግይቶ ሲዘንብ ሣሩም ዛፉም ገና የበቀለው በቆሎም ለመለመ። በአውራ ጎዳናው የሚያልፍ መንገደኛ አገሩ ጥጋብ ነው ብሎ ቢናገር አይፈረድበትም ነበር፤ በዚያው ሰሞን ግን ሰውነታቸው የመነመነ ሕፃናት ወደ ሕክምና ምግብ መስጫ ጣቢያዎች ይወሰዱ ነበር።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። የሰብልን ሁኔታ የሚገምቱት የዛሬ ፕሮግራሞች ብዙውን ዕውቀታቸውን የሚያገኙት ከሳተላይት ሥዕል ነው። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ከቀይ ወዲያ ያለውን፥ ለዓይን የማይታየውን ጨረር ግን መልሶ ይልካል። ከሁለቱ ልዩነት የልምላሜ ቁጥር ይሰላል። ለብዙ ዓመታት በሥራ ላይ የቆየው ሞዲስ የሚባለው መሣሪያ በሚያነሣው ሥዕል አንዷ ነጥብ 250 ሜትር በ250 ሜትር ናት፤ ይህም ከ6 ሄክታር በላይ ነው። በወላይታ ይዞታ ሲመተር አሥራ ሁለት ያህል ቤተሰብ በአንዲት ነጥብ ታጭቆ አንድ ቀለም ይሆናል ማለት ነው። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ የመጡት ሳተላይቶች ነጥቧን ወደ 10 ሜትር አውርደዋታል። ይህ ታላቅ መሻሻል ነው። ይሁን እንጂ ስኳር ድንች የሚያፈራው ከመሬት በታች ነው፤ ጎታም ክዳን አለው።

በሙያው ያሉ ሰዎች ይኸን አያጡትም። የዝናቡን መዘግየት ካለፉት ዓመታት ጋር አስተያይተው ወደ እውነቱ ሊቀርቡ ይችላሉ። ችግሩ የሚመጣው ቁጥሩ ከባለሙያው እጅ ወጥቶ፥ ማስጠንቀቂያው ተገፎ፥ ባለ ቀለም ካርታ ሆኖ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ነው።

በየቀበሌው 3 የግብርና ልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ የተደነገገው ገበሬውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው እንዲኖር ነበር። እንግዲህ ከነዚህ አንዷ በአንድ ቀበሌ ከቤት ቤት ዞራ «ማሳው ለምልሟል፤ ጎታው ግን ባዶ ነው» ብላ ጻፈች እንበል። ካርታው ለምለም ይላል። ኃላፊው ማንን ያምናል? ካርታውን ቢያምን ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ የበላዩ የሚጠይቀው ካርታውን ስለ ሆነ ነው። ሁለት ጊዜ የተስተባበለች ሠራተኛ በሦስተኛው ከካርታው ጋር የሚስማማ ሪፖርት ትልካለች። ፕሮግራሙም በተራው ከሪፖርቷ ይማራል፤ እርሷ ከፕሮግራሙ ትቀዳለች፤ የሁለቱ መስማማት ራሱ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። ኃላፊው ይኸን ጊዜ በስብሰባ ላይ ሠራተኛዋን ቢያመሰግናትና ስለ ቤተሰቧ ደኅንነት ቢጠይቃት፥ ያ ነውን ሰውን ያስቀደመ አመራር?

ዛሬ ሪፖርቱን ራሱን የሚጽፉ ፕሮግራሞች በእጅ ስልክ ይገኛሉ። ቀበሌው ሳይረገጥ አምስት ገጽ የተቃና አማርኛ ማውጣት ቀላል ሆኗል። የክልሉም አቀማመጥ ነገሩን ያባብሰዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወላይታ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ብትሆንም የክልሉ ቢሮዎች ከዲላ እስከ ጂንካ በስድስት ከተሞች ተከፋፍለው ተቀምጠዋል። እንዲህ ባለ ክልል ውስጥ ሰውን በስክሪን መምራት ፈተናው የቀረበ ነው።

እንግዲያስ መሣሪያ ይቅር ልንል ነውን? አይደለም። ቀለም የተቀባችውን የክንድ መለኪያ ጥብጣብ እንመልከት። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ሕፃን የግራ ክንድ ላይ ትጠመጠማለች፤ ዛሬ በሚሠራበት ደንብ ልኩ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሕፃኑ ለሕይወቱ የሚያሰጋ የምግብ እጥረት ደርሶበታል። ጥብጣቧም መሣሪያ ናት፤ ቁጥር ታወጣለች፤ እርሷም ትሳሳታለች። ልዩነቱ፥ ቁጥሩ የሚገኘው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከሕፃኑ ዘንድ ደርሳ ክንዱን ስትይዝ ብቻ መሆኑ ነው። በእኛ አስተያየት ሚዛኑ መፈለግ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ስንት እጁን መሣሪያው፥ ስንት እጁን ሰው ይሥራ የሚለው ጥያቄ ብዙ አይረዳም። መሣሪያው ኃላፊውን ወደ ሥራው ያቀርበዋል ወይስ ከመሄድ ነጻ ያወጣዋል? የመጨረሻው ሠራተኛ ቁጥሩን ሊያስነሣ ይችላል ወይስ አይችልም? የሚጠየቀው ይኸ ነው።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ሳንጨምር አናልፍም። በ1992 ዓ.ም. የወላይታ፥ የጋሞ፥ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው «ወጋጎዳ» በሚል ስም የመማሪያ መጽሐፍ ወጣ። በወረቀት ላይ ስሌቱ ልክ ነበር፤ ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ መጽሐፍም ከአራት ይረክሳል። መምህራንና ተማሪዎች ግን ተቃወሙ፤ በሶዶ ከተማ ደም ፈሰሰ፤ መጽሐፉ ተነሣ፤ ወላይታም በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በዛሬዎቹ የቋንቋ ፕሮግራሞች አሠራር ጥቂት ጽሑፍ ያላቸው ቋንቋዎች ከዘመዶቻቸው ጋር ባንድነት ይሠለጥናሉ፤ በዚህም ምክንያት የአንዱ ቃል በሌላው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ በውሳኔ የተደረገውን ዛሬ ማንም ሳያዝ ስሌት ብቻውን ሊያደርገው ይችላል። በ1992 ዓ.ም. ቢያንስ አቤቱታ የሚቀርብበት መሥሪያ ቤት ይታወቅ ነበር።

ስለዚህ ለሥራ የሚሆን አንድ ነገር እናቅርብ። ካርታና ግምት ወደ ወረዳ የሚልክ ማናቸውም ፕሮግራም፥ የቀበሌው ሠራተኛ ያየውን በወላይትኛ የሚጽፍበት ባዶ ዐምድ ይኑረው፤ ኃላፊውም በስሙና በፊርማው መልስ ሳይሰጥበት ሪፖርቱ አይዘጋ። ይኸን ለማድረግ የሚያስፈልገው ዕውቀት ጥቂት ነው፤ ፈቃዱ ነው የሚከብደው።

ለተማሪ ምርምር የሚሆንም ሥራ አለ። የ2000 ዓ.ም. የበልግ ወራት የሳተላይት ሥዕሎች ያለ ክፍያ ለማንም ክፍት ናቸው፤ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ በአንድ ሌሊት ሊያወርዳቸው ይችላል። በዚያው ወራት የታከሙት ሕፃናት ክብደትና የክንድ ልክ የተጻፈው ግን በወረቀት መዝገብ ላይ ነው። የተረፈ መዝገብ ካለ በየጤና ጣቢያው እየዞረ፥ ስም ሳያወጣ የሚገለብጠውና ከሥዕሎቹ ጎን የሚያስቀምጠው ሰው ይፈለጋል።