ካትሪን፦ «ንጽሕት» ከሚለው ፍቺ ባሻገር

በአውሮፓ የሕፃናት ስም መድብሎች ውስጥ «ካትሪን» ከሚለው ስም ጎን ብዙውን ጊዜ አንድ ፍቺ ብቻ ይገኛል፦ «ንጽሕት»። አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ ይህን ለመቀበል አይቸገርም። ትዕግሥት፣ ጥሩነሽ፣ ዓለምፀሐይ ብለን ስንጠራ ቃሉ ከነፍቺው ይሰማናልና፣ ስም ሁሉ ፍቺውን ይዞ የሚወለድ ይመስለናል። የካትሪን ታሪክ ግን ሌላ ነው። «ንጽሕት» የስሙ ሥር ሳይሆን በኋላ የተደረበበት ንባብ ነው። ይህ ንባብ ከስሙ ታሪክ የቱን አጉልቶ የቱን እንደሸፈነ መመርመር የዚህ ዳሰሳ ዓላማ ነው።

የስሙ ጥንታዊ መልክ የግሪኩ «አይካቴሪኔ» ሲሆን ሥርወ ቃሉ ዛሬም አከራካሪ ነው። አንዳንዶች «ከሁለቱ እያንዳንዱ» የሚል ፍቺ ካለው «ሄካቴሮስ» ያወጡታል። ሌሎች ሄካቴ ከተባለችው የግሪኮች አምላክ ስም ጋር ያያይዙታል። ሥቃይን ከሚያመለክተው «አይኪያ» የሚያመጡትም አሉ። ከሁሉም የገነነው «ካታሮስ»፣ ማለትም ንጹሕ፣ ከሚለው ቃል ጋር የሚያዛምደው አስተያየት ነው፤ እሱ ግን በፊደል ይሰናከላል። ስሙ የሚጻፈው «ታው» በተባለው የግሪክ ፊደል ነው፤ ካታሮስ የሚጻፈው ግን በ«ቴታ»።

ሆኖም በላቲን የሚጽፉ ክርስቲያኖች በስሙ ውስጥ ንጽሕናን ሰሙ። «ካቴሪና» የነበረውን «ካታሪና» አድርገው፣ ከ«ቲ» ቀጥሎ «ኤች» የተባለውን ፊደል ጨመሩ። ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛም ይህን አጻጻፍ ወረሱ። የቁልምጫ ስሞች ግን የቀድሞውን ድምፅ ጠብቀዋል፤ እንግሊዞች ካትሪንን ሲያቆላምጧት «ኬት» ወይም «ኪቲ» ይሏታል። የምሥራቁ ምስክርነት ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። ሩሲያኛ የግሪኩን ቴታ በ«ፍ» ድምፅ ይተካል፤ እኛ ቴዎድሮስ የምንለውን ሩሲያውያን «ፊዮዶር» የሚሉት ለዚህ ነው። «የካተሪና» በሚለው የሩሲያ ስም ውስጥ ግን «ት» ከቦታዋ አልተነሣችም። ስሙ ከግሪክ በቀጥታ ሲገባ የካታሮስ ጥላ አላረፈበትም።

ስሙን በመላው አውሮፓ ያሰራጨችው የእስክንድርያዋ ቅድስት ካትሪን ናት። በገድሏ መሠረት በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖረች የተማረች ወጣት ስትሆን፣ ንጉሡ የላከባትን 50 ፈላስፎች በክርክር ረትታ በኋላ በሰማዕትነት ዐርፋለች። ስለ ሕይወቷ በዘመኗ የተጻፈ ማስረጃ የለም። በትውፊት መላእክት ሥጋዋን ወደ ደብረ ሲና ወስደዋል ይባላል፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዮስጢንያኖስ እዚያ ያሠራው ገዳምም ከጊዜ በኋላ በስሟ ተጠርቷል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይዋ ሩዋን ከተማ ዐፅሟን አገኘሁ ካለች ወዲህ፣ በምዕራብ አውሮፓ በስሟ የሚጠሩ ልጃገረዶች እየበዙ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሕዝብ ስሙን ለአፉ እንዲመች አድርጎ ቀረጸው። ስፔን «ካታሊና» ስትል ሀንጋሪ «ካታሊን»፣ ፖላንድ «ካታዢና»፣ ዴንማርክ «ካረን» አለች። የአየርላንዱ ጉዞ በተለይ አስተማሪ ነው። ኖርማኖች ያመጡትን የፈረንሳይ ስም አየርላንዳውያን «ካትሊን» ብለው በራሳቸው ሥርዓተ ጽሕፈት ጻፉት፤ እንግሊዞችም የሰሙትን ድምፅ በራሳቸው ፊደል አሰፈሩ። ኋላ አሜሪካውያን የአየርላንዱን ጽሕፈት በእንግሊዝኛ ሕግ አንብበው «ኬትሊን» የሚል ሌላ ስም አወጡ።

በሩሲያ ቤተ መንግሥት ስሙ ሌላ ሥራ ተሰጠው፤ ባዕዳን ሴቶችን የአገር ልጅ ማድረጊያ ሆነ። ከ1725 እስከ 1727 የገዛችው ቀዳማዊት ካትሪን የተወለደችው ማርታ ተብላ ነው። በኡራል ተራሮች በ1723 የተቆረቆረችው የካተሪንቡርግ በእሷ ስም ተሰየመች፤ ሶቪየቶች በ1924 ስሟን ስቨርድሎቭስክ ብለው ቢለውጡትም በ1991 ተመልሶላታል። ዳግማዊት ካትሪንም በ1729 ስትወለድ ሶፊ የምትባል የጀርመን ልዕልት ነበረች። በ1744 የኦርቶዶክስን እምነት ስትቀበል የካተሪና ተባለች፤ ስሙ የተመረጠው ለቀዳማዊት ካትሪን፣ ለወቅቷ ንግሥት ለኤልሳቤጥ እናት፣ መታሰቢያ እንዲሆን ነው።

እነዚህን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናያቸው «ንጽሕት» የሚለው ፍቺ ጠባብነቱ ይታያል። የገድሏ ካትሪን ተከራካሪና ምሁር ናት፤ መካከለኛው ዘመንም የፈላስፎችና የተማሪዎች ጠባቂ ብሎ አክብሯታል። ስሙን የተቀበሉት የሩሲያ ንግሥቶች ሰፊ ግዛት አስተዳድረዋል። ልማዱ ግን ከዚህ ሁሉ መርጦ ያስቀረው ድንግልናን ነው። በፈረንሳይም 25 ዓመት የሞላቸው ያላገቡ ሴቶች በበዓሏ ቀን፣ ኅዳር ወር ውስጥ፣ አረንጓዴና ቢጫ ቆብ ያደርጉ ነበር፤ ምሁሯ ቅድስት ባል የሚጠባበቁ ሴቶች ጠባቂ ሆና ቀረች።

ይህ ማለት ግን ፍቺው ይጣል ማለት አይደለም። ፊደል እስከ መለወጥ የደረሰ ንባብ ራሱ የታሪክ አካል ነው፤ ኅብረተሰቡ ከሴት ልጅ ምን ይጠብቅ እንደነበረም ይነግረናል። ስለዚህ የስም መድብል የሚያዘጋጅ ሰው ሥርወ ቃሉ አከራካሪ መሆኑን፣ የንጽሕናውን ንባብ ማን እንደጨመረው፣ ፈላስፎችን የረታችው ሴትም የስሙ ባለቤት መሆኗን አብሮ ሊጽፍ ይገባል። ለልጃቸው ይህን ስም የሚመርጡ ወላጆች ዕውቀትንም ሥልጣንንም ያቀፈ ታሪክ እያወረሷት መሆኑን የማወቅ መብት አላቸው።