የሞተር ኮምፒዩተር ለውጥና የዘመሮ መንገድ

ከውጭ አገር በመጣ፣ በአራቱም ጎማ በሚነዳ የቤንዚን አውቶሞቢል ላይ ፋብሪካው ያስቀመጠውን የሞተር ኮምፒዩተር አንሥቶ በምትኩ ከገበያ የተገዛ ሌላ ኮምፒዩተር መግጠም በመኪና ወዳጆች ዘንድ እጅግ የሚወደስ ሥራ ነው። የሚያወድሱት ሰዎች ሦስት ምክንያት ይሰጣሉ፤ ሞተሩ ጉልበት ይጨምራል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ለደጋም ለቆላም እኩል ይስማማል ይላሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ በተለይ የምንመረምረው ሦስተኛውን ቃል ነው። ለመመዘኛ የወሰድነውም ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ መንዝ፣ እስከ ዘመሮ የሚደረገውን ጉዞ ነው።

አስቀድመን የኮምፒዩተሩን ተግባር በአጭሩ እንግለጽ። ቀድሞ ካርቡራተር ይሠራው የነበረውን ቤንዚንና አየር የማመጣጠን ሥራ ዛሬ ኮምፒዩተሩ በኢንጄክተር አማካይነት ይፈጽመዋል፤ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትንም ቅጽበት የሚወስነው እርሱ ነው። ይህን የሚያደርገው ግን ሰው ከጻፈለት ሠንጠረዥ እያነበበ ነው። የሠንጠረዡ አንዱ ወገን የሞተሩ ፍጥነት ሲሆን፣ ሌላው ወገን በብዙዎቹ ዓይነቶች ዘንድ በአየር ማስገቢያው ውስጥ ያለው ግፊት ነው። እንግዲህ ኮምፒዩተሩን የገዛ ሰው ገና መዝገብ ብቻ ገዝቷል ማለት ነው፤ ዋናው ድካም መዝገቡን በትክክል መሙላቱ ላይ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአውስትራሊያው ሃልቴክ የሚሸጠውም፣ ሁለት አሜሪካውያን በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጡት ርካሹ ሜጋስኩዊርትም በዚህ ረገድ አንድ ናቸው።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ያህል ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ 76፣ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ በሚደርሰው በመንዝ ደጋ ላይ ደግሞ ወደ 70 ዝቅ ይላል። መንዝ ግን ዙሪያው ገደል ነው፤ በምዕራብ ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆ፣ በምሥራቅ ወደ ሸዋ ሮቢት ሜዳ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ግፊቱ ወደ 87 ከፍ ይላል።

ከዚህ የመጀመሪያው ነቀፌታችን ይነሣል። ቱርቦ የሌለውን ሞተር አዲስ አበባ ላይ የፈለጉትን ያህል ቢረግጡት ግፊቱ ከ76 አያልፍም። ስለዚህ ሠንጠረዡን አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ የሚሞላ መካኒክ ከዚያ በላይ ያሉትን መስመሮች ሊፈትናቸው አይችልም፤ በግምት ይሞላቸዋል፣ ወይም እንደ መጡ ይተዋቸዋል። ሰው ሁሉ የሚፈራው የደጋውን ዳገት ነው፤ ነገር ግን በመንዝ ላይ የሚደረሰው የ70 መስመር አዲስ አበባ ውስጥ የተሞከረ ነው። የሚያስፈራው ከሸለቆው ግርጌ የሚጀምረው ዳገት ነው። መኪናው ሰውና እህል ጭኖ፣ እግር እስከ መጨረሻው ተረግጦ መውጣት ሲጀምር ሞተሩ ማንም ወዳልፈተነው መስመር ይገባል። በዚያ የተገመተው ቤንዚን አንሶ እንደ ሆነ ሞተሩ ይግላል፣ ያንኳኳል፣ ውሎ አድሮም ፒስተኑ ይጎዳል።

ሁለተኛው ነቀፌታ የውጭውን አየር ስለ መለካት ነው። ከርካሾቹ ኮምፒዩተሮች አንዳንዶቹ ሌላ ሴንሰር ካልተጨመረላቸው የውጭውን ግፊት የሚያነቡት ቁልፉ በሚከፈትበት ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ በማለዳ መንዝ ላይ አስነሥቶ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆላ የወረደ ሾፌር የደጋውን አየር ቁጥር ይዞ ይወርዳል። በግፊት ፈንታ የአየር በሩን አከፋፈት ብቻ እያየ ቤንዚን በሚመድብ ኮምፒዩተር ላይ ስሕተቱ እጅግ የከፋ ይሆናል።

ሦስተኛው ስለ ጥገና ነው። በገጠር ወረዳዎች የታወቀው የናፍጣ ላንድክሩዘር፣ በተለይ 1ኤችዜድ የተባለው ሞተሩ፣ ናፍጣውን የሚመድበው በመካኒካዊ ፖምፓ ነው። ደጋ ላይ ይደክማል፣ ይጨሳል፤ ሆኖም ቁልፍና ልምድ ያለው መካኒክ ይረዳዋል። የፋብሪካው ኮምፒዩተር የተበላሸበት የቤንዚን መኪናም ቢሆን አምሳያው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ሊፈለግለት ይችላል። ልዩ የተገጠመለት መኪና ግን ሽቦው ተቆርጧል፤ ሠንጠረዡም ያለው ምናልባት በአንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። በዘመሮ ያለ መካኒክ ምን ያደርጋል? በእንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ አንድ መኪና መቆሙ ለባለቤቱ ብቻ የሚቀር ጉዳት አይደለም፤ ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት ወደ ሐኪም የምትደርሰው በተገኘው መኪና ነውና።

ስለ ጉልበቱም አንድ ቃል እንጨምር። በሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ወደ ሠላሳ በመቶ የሚጠጋ ያጣል፤ ይህም የሆነው አየሩ ስለ ሳሳ ነው። ኮምፒዩተር ቤንዚኑን ከአየሩ ጋር ያስማማል እንጂ የሌለውን አየር አይፈጥርም።

ይሁን እንጂ ሥራውን ፈጽሞ ማጣጣል ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል፤ ስለዚህ በአገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ብዙ ዘመን እንዲያገለግሉ ይፈለጋል። የፋብሪካው ኮምፒዩተር ሞቶ ምትክ የታጣለትን መኪና በሌላ ኮምፒዩተር ማስነሣት እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ጥበቡን ማወቅም ለአገራችን መካኒኮች ትርፍ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ሠንጠረዡ በከተማ ብቻ ሳይሆን ቆላ ተወርዶ፣ ጭነት ተጭኖ፣ ዳገቱ ላይ ይፈተን። የውጭውን ግፊት ዘወትር የሚለካ ሁለተኛ ሴንሰር ይጨመር። የሠንጠረዡ ግልባጭና የሽቦው ንድፍ ለባለቤቱ ይሰጥ፤ የፋብሪካውም ሽቦ ሳይቆረጥ ይቆይ። እነዚህ ሦስቱ የተሟሉለት ኮምፒዩተር ለደጋም ለቆላም ይስማማል ቢባል እንቀበላለን፤ ያልተሟሉለት ግን የሚስማማው ለተሞላበት ጋራዥ ደጃፍ ብቻ ነው።