ስለ መጀመሪያዎቹ አጫጭር ፊልሞች አርእስትና ምስክርነት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፍጻሜ የተነሡት ፊልሞች፥ ርዝመታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ሲኾን፥ ዛሬ የሕዝቦችን ልማድ ለሚመረምር ሰው በቀላሉ የሚገኙ ኾነዋል። ከእነርሱ አንዱን አይቶ የወደደ ተመልካች ይህንኑ የመሰለ ሌላ መፈለጉ አይቀርም፤ ሲፈልግም የሚመራው በመዝገብ ላይ የተጻፈው ርእስ ነው። ኾኖም ርእሱ ብዙ ጊዜ የተሰጠው ለገበያ እንጂ ለምርምር ስላልነበረ፥ በርእስ ብቻ የሚደረግ ፍለጋ ፈላጊውን ያሳስታል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ለዚህ «የሱ ሕዝብ የመናፍስት ጭፈራ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ጥሩ ምሳሌ ነው። የመናፍስት ጭፈራ ዎቮካ የተባለ የፓዩት ነገድ ሰው በ1889 በኔቫዳ ያስተማረው ሃይማኖታዊ ሥርዐት ነው፤ ሙታን ተመልሰው የጥንቱ ኑሮ እንደሚታደስ ተስፋ ይሰጥ ነበር። ሥርዐቱን በየነገዱ ዞሮ የመረመረው ጄምስ ሙኒ በ1896 በወጣው ጽሑፉ እንደ ገለጸው፥ ወንዶችና ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው፥ ክብ ሠርተው፥ እየዘመሩ ይዞራሉ፤ ከመካከላቸውም ራሳቸውን ስተው የሚወድቁ አሉ። ትምህርቱ ወደ ሱ ሕዝብ በደረሰ ጊዜ ግን የአሜሪካ መንግሥት ነገሩን እንደ ዐመፅ ቈጥሮ ጦር ላከ። ዲሴምበር 29 ቀን 1890 በዉንድድ ኒ ከ150 የማያንሱ የላኮታ ሰዎች፥ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፥ ተገደሉ። ላኮታ የሱ ሕዝብ አንዱ ክፍል ነው።

ፊልሙ የተነሣው ከዚህ እልቂት በኋላ አራት ዓመት ሳይሞላ፥ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1894 ነው። ቦታውም የላኮታ አገር ሳይኾን በኒው ጀርሲ፥ በዌስት ኦሬንጅ የነበረው የቶማስ ኤዲሰን ፊልም ማንሻ ቤት ነው። ይህ ቤት በጥቁር የሬንጅ ወረቀት የተለበጠ፥ ጣራው የሚከፈትና ፀሓይን ተከትሎ የሚዞር ጠባብ ቤት ነበር። ጨፋሪዎቹ ቡፋሎ ቢል በሚባለው ሰው የትርዒት ጓድ ውስጥ ተቀጥረው በዚያ ወራት በብሩክሊን ለሕዝብ ይታዩ የነበሩ ናቸው። ሥዕሉ 20 ሴኮንድ ያህል ብቻ ይቈያል፤ በዚያን ጊዜ የሚታየውም በአዳራሽ ሳይኾን አንድ ሰው ብቻውን ዐይኑን አስጠግቶ በሚመለከትበት ሣጥን ውስጥ ነበር። በሥዕሉ ላይ እጅ ለእጅ የተያያዘ ክብ የለም፤ ሰዎቹ በጠባቡ ወለል ላይ ተጨናንቀው፥ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው እየረገጡ ይዞራሉ። እንግዲህ ርእሱ የሚጠራው ሥርዐት በፊልሙ ውስጥ የለም ማለት ነው። አሜሪካን ያስደነገጠው ስም ለሣጥኑ ገበያ ዋለ፤ ይህም ከሟቾቹ መቃብር ቅርበት የተነሣ የሚያሳፍር ነገር ነው።

በዚያው ቀንና በዚያው ቤት የተነሣው «የጎሽ ጭፈራ» ግን የተሻለ ነው። ሦስት ጨፋሪዎችና ሁለት ከበሮ መቺዎች ብቻ ስላሉበት፥ የእያንዳንዱ ሰው እርምጃና የሰውነቱ አዘነባበል ተለይቶ ይታያል። (ፊልሙ በተነሣበት ፍጥነት ካልታየ የርግጫው ምት እንደሚለወጥ ተመልካች ልብ ማለት ይገባዋል፤ በችኮላ የሚሮጡ የሚመስሉት የጥንት ሰዎች ብዙ ጊዜ የመሣሪያው ስሕተት ናቸው።)

ከአገር ውጭ መነሣቱ ብቻ ግን አንድን ፊልም ዋጋ አያሳጣውም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፌሊክስ ሬኞ በ1895 በፓሪስ፥ በምዕራብ አፍሪካ ኤግዚቢሽን ላይ፥ አንዲት የዎሎፍ ሴት ሸክላ ስትሠራ አስነሥቷል። ይህ ሥራ ከሥነ ሕዝብ ፊልሞች ኹሉ የመጀመሪያው ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሴትዮዋ የተቀመጠችው በባዕድ ከተማ፥ በተመልካች ፊት ነው፤ ኾኖም አንደኛው እጅዋ ጭቃውን ሲያዞር ሁለተኛው ቅርጽ ሲያወጣለት የሚታየው እንቅስቃሴ ከልጅነት ጀምሮ የተለመደ የእጅ ዕውቀት ስለ ኾነ፥ ፓሪስ ብዙ አይለውጠውም። ሥርዐት ግን ከጊዜው፥ ከቦታውና ከማኅበሩ ሲለይ የሚቀረው ቅርፊቱ ነው። ስለዚህ የእጅ ሥራን የሚያሳይ ፊልምና ሃይማኖታዊ ሥርዐትን የሚያሳይ ፊልም በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ይህን ልዩነት በአንድ ቦታ አጣምሮ የሚያሳየው በ1898 አልፍሬድ ሃደን የካምብሪጅን ጓድ መርቶ በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ መካከል ባለችው በሜር ደሴት ያነሣው ፊልም ነው። የተረፈው አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በአንዱ ክፍል ሰዎች እንጨት ከእንጨት እያፋተጉ እሳት ያወጣሉ፤ በሌላው የማሎ ቦማይ ሥርዐት ይታያል። የጥንቶቹ ጭምብሎች ሚሲዮናውያን ከገቡ በኋላ ጠፍተው ስለ ነበር፥ የደሴቱ ሰዎች ለፊልሙ ሲሉ ከካርቶን ሌሎች ሠሩ። እዚህም ሥርዐቱ ለካሜራ ሲባል የተደገመ ነው፤ ነገር ግን የደገሙት ባለቤቶቹ ናቸው፥ በገዛ ደሴታቸው ላይ ናቸው፥ ካርቶኑም ካርቶን መኾኑ ተመዝግቧል። ከኤዲሰን ፊልም የሚበልጠው በዚህ ነው እንጂ በሥዕሉ ጥራት አይደለም።

እንግዲህ ተመሳሳይ ፊልም የሚፈልግ ተማሪ ማን፥ የት፥ በማን ፊት እንዳነሣው አስቀድሞ ይጠይቅ። በርእስ ብቻ ከተመራ፥ የሉሚየር ድርጅት በ1897 ያወጣቸውን የአሻንቲ መንደር ፊልሞች በጎልድ ኮስት የተነሡ ይመስሉታል፤ የተነሡት ግን በፈረንሳይ፥ በሊዮን ከተማ ነው። በአነሣሥ ከተመራ ግን ከሃደን ወደ ቦልድዊን ስፔንሰር ይደርሳል፤ ስፔንሰር በሃደን ምክር ካሜራና ፎኖግራፍ ይዞ በ1901 በመካከለኛው አውስትራሊያ የአረርንቴን ሥርዐቶች አንሥቷል፥ ፊልሞቹም በሜልቦርን ሙዚየም ተቀምጠዋል። ከዚያም የቪየናው ሩዶልፍ ፖኽ በ1908 በካላሃሪ ያነሣው አለ፤ ኩቢ የተባለ የሳን ሰው በፎኖግራፉ ቀንድ ፊት ቆሞ፥ እጁን እያወናጨፈ፥ ስለ ዝሆኖች ይተርካል። ድምፁና ሥዕሉ ለየብቻ ከቈዩ በኋላ ብዙ ዓመታት አልፎ ስለ ተጣመሩ፥ ዛሬ ሰውየው ሲናገር ይሰማል።